የጓዴ ሳህን

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ በኩሽናቸው ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ታጥፈዋል፤ ተንበርክኮ ሳለ ድንገት የተገፋ ሰው ይመስላሉ። ጓዴ የሚባለው ውሻቸው አፍንጫውን ከትከሻቸው ሥር ሸጉጦ ተጋድሟል። ፖሊሶቹ ሊያስነሡት ሲሞክሩ አልነከሳቸውም፤ ዝም ብሎ አያቸው፤ እነሱም ተዉት።

መርማሪዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊቷ» ይሏታል፤ ምርትና ግርዱን ሳትለይ አትተኛም ለማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ዳቦና የቀዘቀዘ ሻይ አለ። ምድጃው ላይ ጉበት በሩዝ የተሠራበት ድስት ተቀምጧል። የእቃ ማጠቢያው በጠዋት እቃ ተሞልቷል፤ ሲኒው፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው ሁሉ አልታጠበም። የውሻው ሳህን ብቻ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍቷል።

«ማነው ይኼን ያጠበው?» አለች።

«ልጃቸው ናት» አለች የቤት ሠራተኛዋ፣ ዓይኗን ከሬሳው ሳትነቅል። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ሰዓት ሠሪው ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። «እኔ ጎረቤት ልጠራ ስሮጥ እሷን ወደዚህ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። ስመለስ ስታጥብ ደረስኩ። እጄ ሥራ ካልያዘ አብዳለሁ አለችኝ።»

«ጉበቱስ ለማን ነው?»

«ለጓዴ። ዛሬ ልደቱ ነው። ልደቱ እንኳ አይደለም፤ ጋሼ ከቦይ ውስጥ ያወጡበት ቀን ነው። በዓመት በዓመቱ ገላውን ያጥቡታል፣ ያበጥሩታል፣ እኔም ጉበት ያለ ጨው እሠራለታለሁ። በሌላው ቀን ሩዝና ቅንጥብጣቢ ነው የሚበላው።»

«ዛሬ ማን ማን መጣ?»

«ልጃቸው ጠዋት ወደ ሥራ ስታልፍ ለጓዴ አዲስ ማሰሪያ ይዛ ገባች። ጋሼ ጓሮ ውሻውን እያጠቡ ነበር። ሳህኑን እንዲበርድ መስኮቱ ላይ አድርጌው ነበርና ‹ይሸታል፣ ደስ ይላል› ብላኝ ሄደች። እኔ አልጋ ላነጥፍ ገባሁ። ስወጣ ጋሼ እንዲህ ሆነው...»

ይኼን ጊዜ ከሳሎን የሰው ጩኸት ተሰማ። የሟቹ ልጅ ናት፤ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር፣ ከሠላሳ ዓመት ብዙ ያላለፈች ሴት። ፊቷ በእንባ አብጧል። በሩን በርግዳ ገብታ ጣቷን ወደ ሠራተኛዋ ቀሰረች።

«እታለም፣ አንቺ ነሽ! አባዬን ጉበቱን አበላሽው! ሐኪሙ ከልክሎታል እያልኩሽ፣ ስንቴ ነግሬሽ፣ አበላሽው!»

«ኧረ በእናትሽ! እኔ ለጋሼ ጉበት አልሰጠሁም፤ ዳቦና ሻይ ነው ያቀረብኩት።»

«ታዲያ በምን ሞተ?»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ወደ ቁም ሳጥኑ ሥር ተመለከተች፤ እጇን ሰድዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ አወጣች። ጥቂት ሩዝ ተጣብቆበታል።

*

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ውጤት በማግስቱ ደረሰ። ሰዓት ሠሪውን የገደላቸው የአይጥ መርዝ ነው፤ የገባውም ከጉበትና ከሩዝ ጋር ነው። ጥቂት ቢሆንም፣ ለታመመው ልባቸው በቅቷል። ድስቱ ውስጥ የቀረው ምግብ ግን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

የጣቢያው አለቃ ጉዳዩ ያለቀ መሰለው። «ያበሰለችው እሷ፣ ቤት የነበረችው እሷ» አለ፤ ሠራተኛዋም ታሠረች። የምርመራው መዝገብ ሳይውል ሳያድር ለዐቃቤ ሕግ ሊላክ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዕድሜ ልክ ነገር ነው። ሴትዮዋ ለጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ ነበራት፤ «ጉበት አልሰጠኋቸውም።» ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም።

«የሆነ ነገር በሆዷ ይዛለች» አለ የመርማሪዋ ረዳት የሆነው አሥር አለቃ።

«ይዛለች» አለች መርማሪዋ። «በደል ይሁን አደራ ገና አላወቅሁም። እስከዚያው አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ።»

ወደ ቤቱ ተመልሳ ጓሮውን ዞረች። የውሻው ማደሪያ በጣውላ የተሠራ ነው፤ ውስጡ አሮጌ የወንድ ካፖርት ተነጥፏል። ካፖርቱን ስትገልጠው ከሥሩ በእጅ የተድቦለቦለ፣ ዝንብ የወረረው የተፈጨ ሥጋ አገኘች። በወረቀት ጠቅልላ ለሐኪሙ ላከችው። ሐኪሙም ያው መርዝ እንዳለበት አረጋገጠ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ በዕንቅልፍ ልብሱ ወጣ። ሌሊት ሲጋግር አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ነው።

«ውሻውን ይጠሉት ነበር?» አለችው።

«ኧረ ተዪኝ እህቴ! ልክ ጎኔ ፍራሽ ሲነካ ይጀምራል። ድመት ባየ፣ ቅጠል በወደቀ ይጮሃል። ሰውዬውን ስወቅሳቸው ‹እሱም ሥራው ነው› ይሉኛል። እንደኔ ዳቦ የጋገረ ይመስል!»

«ሥጋ ወርውረውለት ያውቃሉ?»

«አንድ ሰሞን ዝም እንዲልልኝ የተረፈኝን እወረውርለት ነበር። ምን ያደርጋል! ከታመመ ወዲህ አይነካውም። እሱ እኮ...» አለና አፉን ያዘ። «ይቅር፤ የሞተ ሰው አይታማም።»

«ሠራተኛቸው ታሥራለች። ቢያሟቸው ይሻላል።»

ጋጋሪው አንገቱን አከከ። «ሰውዬው መጀመሪያ ካልቀመሱለት አይበላም። በዚህ አጥር በዓይኔ አይቻለሁ። ተንበርክከው ከዚያው ከሳህኑ በማንኪያ ይጎርሳሉ፣ ያላምጣሉ፣ ‹አየህ፣ ይጣፍጣል› ይሉታል፤ ከዚያ ነው እሱ የሚጀምረው። አንድ ቀን ሳቅሁባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኩሽና ገብተው በር ዘግተው ሆነ።»

*

ልጅቷን ከቀብሩ ማግስት በምታስተምርበት ክፍል አገኘቻት፤ ያለ ሥራ መቀመጥ አልቻልኩም ብላ ከለቅሶው ወጥታለች። ልጆቹ ሄደዋል፤ ትንንሾቹ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። ልጅቷ አንዱን አውርዳ ተቀመጠችበት፤ ጉልበቷ ደረቷ ደረሰ።

«አባትሽ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸው ነበር አሉ።»

«ልቡን። ሌላ ከተማ ሄዶ ቢያንስ አንድ ወር መተኛት ነበረበት። ቀጠሮ ተያዘለት፣ አልሄደም። እንደገና ተያዘለት፣ አሁንም አልሄደም። ‹ጓዴን ማን ያበላዋል?› ይለኛል።»

«አንቺስ?»

«እኔ አበላዋለሁ አልኩት። ‹ካንቺ እጅ አይበላም› አለኝ። ‹ለምን አይበላም?› ስለው ነገሩን ያዞርብኛል። ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ በላይ ከቆየ ተስፋ የለውም አለኝ። አስቢው እስቲ! አንድ ሰው ለውሻ ሲል...» ከንፈሯን ነከሰች። «አሁን እሷ ላይ ይፈረድባት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እውነት እሷ ገደለቻቸው ብለሽ ታምኛለሽ?»

ልጅቷ ቀጥ ብላ አየቻት። «ጉበቱን አበላችው። በሞተችው እናቴ ስም እምላለሁ፣ እሷ ናት ያበላችው።»

መርማሪዋ ከክፍሉ ስትወጣ እርምጃዋ ከብዶ ነበር። ልጅቷ አለመዋሸቷ ነው ያሳሰባት።

*

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ኩሽና ሰበሰበቻቸው። አሥር አለቃው ሠራተኛዋን ከጣቢያ ይዟት መጣ። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ተደገፈ። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ጓዴ ጠረጴዛው ሥር ተኝቷል፤ የጎድን አጥንቱ መቆጠር ጀምሯል።

መርማሪዋ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እርስዎ» አለች ወደ ሠራተኛዋ ዞራ፣ «ይኼ ማንኪያ የማን ነው?»

ሠራተኛዋ አቀረቀረች።

«ጋጋሪው ነግሮኛል። አሁን የሚደበቅ ነገር የለም።»

«አንተ ምላሰኛ!» አለች ሠራተኛዋ ጋጋሪውን በንዴት አይታ። ቀጥሎ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አስምለውኝ ነበር። ጓዴ የዛሬ ዓመት ታሞ አልበላም ሲል እንዲሁ ጀመሩት፤ ሲድን ልማድ ሆነበት። ‹ሰውዬው ጃጀ፣ ከውሻ ሳህን ይበላል ይሉኛል፤ ልጄ እንዳትሰማ› አሉኝ። እኔስ የሞተ ሰው መሳቂያ ይሁን?»

መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ቀስ ብላ ዞረች።

«ምን አልሽ፣ እታለም?»

«እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ድስቱ ንጹሕ ነው። ስለዚህ መርዙ የገባው ምግቡ ወደ ውሻው ሳህን ከተገለበጠ በኋላ ነው። ጓሮ ደግሞ ያው መርዝ ያለበት ድብልብል ሥጋ አግኝቻለሁ። ሰው ከውሻ ማደሪያ ሥጋ አንሥቶ አይበላም። ስለዚህ መርዘኛው የፈለገው ሽማግሌውን ሳይሆን ውሻውን ነው።»

«ውሻውን?» አለ ጋጋሪው፣ ቀለሙ እየተለወጠ። «እኔ አይደለሁም!»

«አይደሉም። ጓዴ ሳይቀመስለት እንደማይበላ ያውቃሉ። ሥጋው ውስጥ መርዝ ደብቆ ማደሪያው ውስጥ መጣል ከንቱ ድካም እንደሆነም ያውቃሉ። ሠራተኛዋም ታውቃለች። ያንን ድብልብል ያስቀመጠው ይኼን የማያውቅ ሰው ነው። ሥጋው ሳይበላ ሲያድር ያ ሰው ሌላ ዘዴ ፈለገ። የጓዴን ቀን ጠበቀ፤ ጉበት እንደሚሠራለት ያውቃልና። ሳህኑ መስኮቱ ላይ ሲበርድ ሰዓት ሠሪው ጓሮ፣ ሠራተኛዋ አልጋ ልታነጥፍ ጓዳ ነበሩ፤ የሄደ መስሎ በውጭ በኩል በመስኮቱ እጁን ሰደደ።»

መርማሪዋ ወደ እቃ ማጠቢያው ዞረች።

«ሰዓት ሠሪው ሲሞቱ ያ ሰው ተመልሶ መጣ። ሳህኑ ሙሉ ነው፤ ጌታው ‹ይጣፍጣል› ሳይሉት ወድቀዋልና ውሻው አልነካውም። ከእንግዲህ ደግሞ ውሻው እንዲሞት የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ምግቡን ደፋ፣ ሳህኑን አጠበ። ሌላውን እቃ ግን አልነካም።» ወደ ልጅቷ አንድ እርምጃ ቀረበች። «የኔ ልጅ፣ አባትሽ ምን በልተው እንደሞቱ ሐኪሙ ሳያውቅ ‹ጉበቱን አበላሽው› ብለሽ ጮህሽ። ሁላችንም የምንፈልገው መርዙን ማን እንደጨመረ ነበር። አንቺ ግን የጮህሽው ማን አበላው ብለሽ ነው፤ መርዙን ማን እንደጨመረ ታውቂዋለሽና። እታለም የውሻውን ድርሻ ለአባትሽ ገልብጣ የሰጠች መስሎሽ ነበር።»

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች።

«አልዋሸሽኝም» አለች መርማሪዋ። «የማልሽው በእውነት ነው። ያላወቅሽው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም አላበላቸውም። ራሳቸው በሉ።»

«ሊሄድልኝ ነበር የፈለግሁት» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የሕፃን ይመስላል። «ውሻው ቢሞት ያለቅስና ይሄዳል አልኩ። ለአንድ ሳምንት ይጠላኛል፣ ከዚያ ይታከማል፣ ይኖራል። ለምን አልነገረኝም? አንድ ጊዜ ቢነግረኝ ኖሮ እኔ እቀምስለት ነበር! ከውሻ ሳህን ቀርቶ ከመሬት ልሼ እቀምስለት ነበር!»

«አፈሩ» አለች ሠራተኛዋ። «ካንቺ ነው ያፈሩት።»

ልጅቷ እጆቿን ለአሥር አለቃው ዘረጋች። እሱ ካቴናውን ካወጣ በኋላ ወደ መርማሪዋ ተመለከተ፤ እሷ ራሷን ስትነቀንቅ መልሶ ከተተው።

«እርስዎ ነፃ ነዎት» አለች መርማሪዋ ወደ ሠራተኛዋ ዞራ። «ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሠራተኛዋ ወደ በሩ ሄደች። ደጃፉ ላይ ቆመች። ትከሻዋ አንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ተመልሳ የለበሰችውን ሹራብ አወለቀችና ለልጅቷ ወረወረችላት።

«ልበሽው» አለቻት፣ ፊቷን ሳታያት። «ይቅር ብዬሽ አይደለም። እዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።»