የፍለጋው ቀን ድምፆች

ማኒሮንግ የአባቱን አስከሬን ከድንጋዮቹ መሃል ሲያይ በስሙ ጠራው። ያውም በጩኸት! ገደሉ ሥር የቆምነው ሁሉ ጆሯችንን ይዘን ሸሸን፤ አንዷማ ዘንቢሏን ጥላ ሮጠች። በእኛ ደሴት የሞተ ሰው በስሙ አይጠራም። ከተጠራ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን የምታውቁት ሰው ሳይሆን አኒቶ ነው፣ መንፈሱ። እኔም ስሙን አልነግራችሁም። እኛ ዘንድ የወለደ ሰው በበኩር ልጁ ስም «የእከሌ አባት» ተብሎ ስለሚጠራ፣ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ድረሱበት። በእኔ አፍ አይወጣም።

ሰው ጠፋ ተብሎ በማለዳው ጀልባ ከዋናው ምድር የመጣው ኢንስፔክተር ሉ ይህን ቆሞ አየ። ሕዝቡ ከልጁ ሲሸሽ አየ፤ ሴቶቹ ሲራገሙትም ሰማ። ባለፈው ሰሞን አባትና ልጅ በመንደሩ መሃል ሲጯጯሁ እንደነበር ደግሞ አንድ ወሬኛ ሹክ አለው። ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ? የልጁን እጅ በካቴና አሰረ።

«ከሰዓት በኋላ ባለው ጀልባ ይዤው እሄዳለሁ» አለ።

ማኒሮንግ ከተማ ያደገ ልጅ ነው፤ ወደ እኛ የተመለሰው በቅርቡ ነው። በቋንቋችን ሲናገር ሕፃናት እንኳ ይስቁበታል። የሞተ ሰው ስም ከሰውየው ጋር እንደሚቀበር ማን ያስተምረው?

ይህን ጊዜ ነው በልጅ ልጃቸው ስም የሚጠሩት የሚሲቫ አያት የደረሱት። ዕድሜያቸውን በወንጀል ምርመራ የጨረሱ፣ አጭር፣ ምላሳቸው የሚያቃጥል ሴት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ በምን ማስረጃ ነው ያሰርከው?» አሉት ሉን።

«እማማ፣ አገሩ ሁሉ ሲሸሸው አላዩም? ሌላ ምን ማስረጃ አለ?»

«አዬ ልጄ! ከእሱ የሸሹ መሰለህ? የሸሹት ከአባቱ ነው። ጀልባው እስኪነሳ ድረስ ታገሠኝ።»

ማንም ወደማይጠጋው አስከሬን ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። ጉልበቶቹ ወደ ደረቱ ታጥፈዋል፤ እኛ ሬሳ የምንገንዘው እንደዚህ አድርገን ነው።

«ከገደል የወደቀ ሰው ራሱን አይገንዝም» አሉ ቀና ብለው። «የነካው ሰው ወጋችንን ያውቃል። ደግሞ አዝኖለታል።»

ከትናንት በስቲያ ሟቹ ወደ ጫካው ሲወጣ እዚያው የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ልጁ ማኒሮንግ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ እና ከወጣትነቱ ጀምሮ በአንድ ጀልባ አብሮት የሚቀዝፈው የላማሩን አባት። ሟቹ ሳይመለስ አደረ። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ሲፈልገው ዋለ፤ ዛሬ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ነው የታየው።

መርማሪዋ መጀመሪያ ወንድምየውን ቤቱ ሄደው ጠየቁት።

«ተኳርፋችሁ ነበር አሉ።»

«ክረምቱን ሙሉ አልተነጋገርንም።»

«ገደልከው?»

«ብገድለውማ ማንን ላኮርፍ ነው?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ከዚያ ወደ ሟቹ ሚስት ሄዱ። ባሕሩን በምታይበት የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሮቿ ከታመሙ ቆይተዋል።

«ትናንት ከዚህ አልተነሳሽም አይደል?»

«በየትኛው እግሬ? ጆሮዬን ግን ልኬዋለሁ።»

«ምን ሰማሽ ታዲያ?»

«ልጄ ድምፁ እስኪዘጋ በስሙ ተጣራ፣ ስሙን እያጣመመ። ወንድሙ ደግሞ በዚያ በኩል፣ ‹የት ገባህ፣ አንተ ግትር!› እያለ። ያ ሁሉ ኩርፊያ እያለ ስሙን ሲጠራው አለቀስኩ።»

«የላማሩን አባትስ?»

ነፋሱ ከገደሉ በኩል እያፏጨ ይመጣል፤ ሬሳው ከተገኘ ወዲህ በዚያ በኩል የሚያይ ሰው የለም።

«እሱ ‹ኦሆይ! ኦሆይ!› ሲል ነው የዋለው። ጉሮሮውን ያመመው መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

መርማሪዋ ከእሷ ሲለዩ በቀጥታ ወደ ሰውየው ሚስት፣ ወደ ላማሩን እናት ደጃፍ ሄዱ። የተሰነጠቁ በራሪ ዓሣዎች በመስቀያው ላይ ተደርድረዋል፤ ወቅታቸው ነበር።

«እንዲህ ሞልቶልሽ አታቀምሺኝም?»

«ኧረ ይብሉልኝ! ትናንት ማታ የባለቤቴም ድርሻ ተርፏል። ዞር ብሎም አላየው፤ ድንች ብቻ በልቶ ተኛ።»

«የማጥመጃ ጀልባውስ?»

«ጀልባውንም አልነካ። ምን እንደሆነ እንጃለት፤ በእንቅልፉ ይቃዣል።»

እሳቸው ዓሣውን ሳይቀምሱ ተነሱ።

ጀልባው ጥሩንባውን ሲነፋ መርማሪዋ ሁላችንንም ማማው ሥር ሰበሰቡን። ማኒሮንግ በካቴናው እንደታሰረ ከእናቱ እግር ሥር ተቀምጧል። እናቱ እጇን ከራሱ ላይ አላነሳችም፤ ከወሰዱት እሷም አበቃላት።

«ኢንስፔክተር» አሉ የሚሲቫ አያት፣ «ይህ ልጅ የአባቱን ስም ትናንት ጠራ፤ ዛሬ ሬሳው ላይም ጠራ። አልፈራም። ያልፈራው ስለማያውቅ ነው። ሬሳ መገነዝም አያውቅም፤ ሟቹ ግን ተገንዟል። ስለዚህ ወጋችንን የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ።»

«ወጉንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አለ ሉ።

«ጥሩ። ትናንት ሰውየው ለሁላችንም ጠፋ እንጂ አልሞተም ነበር። የጠፋ ሰው በስሙ ይጠራል። ወንድሙ እንኳ ከነኩርፊያው ጠራው። ቀኑን ሙሉ ፈልጎ አንዴም ስሙን ያልጠራ አንድ ሰው ነው። በሕይወት ያለን ሰው ስም ማን ይፈራል?»

የላማሩን አባት ቀና አላለም።

«ዝም ማለት ወንጀል ነው እንዴ?» አለ ሉ።

«አይደለም። ግን ሬሳ የነካ ሰው በዚህ ወቅት በራሪ ዓሣ አይበላም፣ ጀልባም አይነካም። ትናንት ማታ ሬሳ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር? ዓሣውን የተወው፣ ጀልባውን የራቀው ግን ያው ስሙን ያልጠራው ሰው ነው።» ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የላማሩን አባት፣ ወንድሜ፣ ዓይኑን የከደንክለት አንተ ነህ።»



«አያቴ ለጀልባ ምልክት ያደረገበትን ዛፍ ለልጁ ጀልባ ብሎ ቆረጠብኝ» አለ የላማሩን አባት። «ያውም ልጁ ጀልባ አልፈልግም ብሎ በአደባባይ እየጮኸበት! ከዚህ ዛፍ ዞር በል ብዬ ገፈተርኩት። ገደሉን ረሳሁት። ወርጄ ስደርስ አልቆለታል። እንደዚያ ተበታትኖ ጥዬው ልሂድ? አላስቻለኝም። ልናገር እያልኩ አፌ እምቢ አለኝ።»

«ልጁ ሲታሰርስ?» አለች የሟቹ ሚስት ከማማው ላይ። «ያኔም አፍህ እምቢ አለህ?»

ሉ የማኒሮንግን ካቴና ፈቶ ለላማሩን አባት አጠለቀለት።

ወደ ጀልባው ሲወስዱት ተከተልን። መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ገደሉ ዞረ። ከዚያም ደረቱን ሞልቶ የሟቹን ስም ተጣራ። አምላኬ! ጆሯችንን ይዘን በየአቅጣጫው ተበተንን። ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ መጣብን።

«ምን አለ?» ሲል ሉ ጠየቀ።

«ትናንት ማለት የነበረበትን» አሉ የሚሲቫ አያት።

ከእሳቸውና ከሉ ሌላ ከቦታው ያልተነቃነቀው ማኒሮንግ ብቻ ነበር። በተጠራው ስም ውስጥ የራሱም ስም አለ። በመጣራት በዘጋው ድምፁ፣ በዚያ በተጣመመ አነጋገሩ፣ በእኛው ቋንቋ፣ «አቤት!» ብሎ ስለ አባቱ መለሰ።

ያኔ እናቱ ማማዋ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ በልጁ አነጋገር የሳቀ የለም።