በ«አ» የተጻፈ በዓል

ዓመቱን ሙሉ የሌላ ሰው የደስታ ካርድ ሲያትም የሚከርም ሰው የራሱን የሚጽፍበት አንዲት ሰዓት ይገባዋል ብለው በማተሚያ ቤቱ ደንብ ያወጡት ጠራዧ እትዬ ናቸው። በገና ዋዜማ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ይቆማሉ፤ ስልኮች ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ይገባሉ፤ መጠረዣው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሻማ ይበራል። የተገዛ ስጦታ ክልክል ነው። ሁሉም ከወረቀት ቁርጥራጭ አንድ ካርድ፣ ለአንድ ሰው፣ በገዛ እጁ ይሠራል።

«ዓይንና ልብ አንድ ቦታ ይዋሉ» ይላሉ እትዬ። «በሩጫ የመጣ በዓል በሩጫ ይሄዳል።»

አራሚዋ ያችን ሰዓት ትወዳት ነበር። እንድታወራ የሚጠብቅ የለም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጣች፣ ስትስቅ እንኳ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት፤ ሠራተኞቹ «ቀይ እርሳስ» ይሏታል። ወረቀት ቆራጩንም በስሙ የሚጠራው የለም፤ በአንዲት ሚሊሜትር ስቶ ስለማያውቅ «ሚሊ» ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከላቸው የነበረው ይኸው ነው፦ እሱ የሚታረም ወረቀት ያመጣና ከሚገባው በላይ ይቆማል፤ እሷ ያነበበችውን መስመር ደግማ ታነባለች። እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሚሊ ወረቀቱን ቀጥ አድርጎ ይቆርጥና እግሩ ግን ወደ አራሚዋ ያዘነብላል ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሁለቱ ብቻ አይስቁም።

በሦስተኛው ዋዜማ ሚሊ ካርዱን ለእሷ ሠራ። ከክሬም ወረቀት ኮከብ ቆርጦ ለጥፎበታል። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላትና፣

«መልሱን እዚያው ጻፊበት» አላት። «አፍሽን አላስቸግረውም።»

እንዲህ ይላል፦ «አንቺን ሳላይ የሚውል በአል በአል አይመስለኝም። የሚመጣውን ገና በአንድ ቤት፣ በአንድ ሻማ እናክብር?»

በበዓሉ ዕለት ቤተሰቡ ሲጫወት እሷ መስኮት ሥር ተቀምጣ ደጋግማ አነበበችው። ፊደሎቹ የተጨነቁ፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪጎዳ የተጫናቸው ነበሩ። እናቷ፣ ምን ተገኘና ፊትሽ በራ ቢሏት፣ ምንም አለች። ከዚያ ካርዱን ገልብጣ ጀርባው ላይ በቀጭን ጽሕፈቷ አንድ ቃል ጻፈች፦ «እሺ»።

ሥራ በተጀመረበት ቀን ማንም ሳይገባ መቁረጫ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው።

ሚሊ ካርዱን ይዞ በሯ ላይ ቆመ። ፊቱ የጠበቀችው ፊት አልነበረም።

«ስንት አገኘሁ?» አላት።

አልገባትም። ካርዱን ወደ እሷ አዞረው። ሁለቱም «በአል» በቀይ ተከበዋል፤ ከላያቸው ጥንቅቅ ያለች «ዓ» ተቀምጣለች። ልቧ ሲያነብ እጇ የለመደውን ሥራ ሠርቶ ነበር። መቼ እንዳደረገችው እንኳ አታውቅም።

«እኔ…»

«ግድ የለም፤ ልክ ነሽ። የስምንተኛ ክፍል ልጅ በዓልን ከየት ያውቀዋል።»

«ገልብጠው» ማለት ብቻ ነበረባት። እጇን ወደ ካርዱ ዘረጋች። ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ ገቡ፤ በዘረጋችው እጅ አፏን ሸፈነች። ሚሊ ወደ ማሽኑ ሄዶ ካርዱን ቢላዋው ሥር አስገባና ለሁለት ቆረጠው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠማማ ቆረጠ። ቁርጥራጩ ከረጢት ውስጥ ወደቀ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ተደብቃ ልትፈልገው ስትሄድ ከረጢቱን የወረቀት ሰብሳቢዎች መኪና ወስዶታል።

ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገም ነገን ወለደ። «ገና ነው፣ ገና ነው» እንዳለች ሚሊ በወሩ ሌላ ከተማ ፋብሪካ ገባ። ሲሰናበት እሷንም እንደ ሁሉም ሰው ጨበጣት።

ቀጣዩ ገና መጣ። በዋዜማው ለማንም የማይላክ ካርድ ሠርታ «መልካም በአል» ብላ ጻፈችበት፤ በ«አ»። ሳታርመው መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እትዬ አንድ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዘው መጡ። የሠርግ ጥሪ ነው።

«የሚሊ ነው፤ እኛ ጋ ካልታተመ ብሎ» አሏት ድምፃቸውን ቀንሰው። «ለሌላ ሰው ልስጠው፣ ልጄ?»

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ።»

ፊደሎቹ እንደ ድሮው ተጨንቀዋል። ሠርጉን በንጉሡ «ሠ» ጽፎታል። ሕይወትን በሐመሩ «ሐ»። «በዚህ የደስታችን በዓል» ይላል፤ በዓይኑ «ዓ»። አንዲት ስሕተት ፍለጋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። የምትከብበው ፊደል አጣች።

ከሥሩ «ታርሟል፤ ይታተም» ብላ ፈረመች።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነበር።