ደወሉ ያልተደወለበት ክፍል

ሲስተር ለተሃይማኖት ከአሻንጉሊቷ አልጋ ሥር ሞታ ተገኘች። ጉልበቷ አቧራ ለብሷል፤ በቀኝ እጇ ከጓንት ካርቶን የተቀደደ ቁራጭ ጨብጣለች። ከራስጌዋ ፋን ይዞራል። አልጋው ላይ የተዘረጋችው የመለማመጃ አሻንጉሊት ደረቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትተነፍሳለች፤ በየመሃሉም በሟቿ በራሷ ድምፅ «እርዱኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ!» ትላለች።

«አጥፉልኝ!» አለ ገብረሊባኖስ። ሁመራ ሳለ በፖሊስ መርማሪነቱ ብዙ ሬሳ አይቷል፤ እንዲህ ቀፎት ግን አያውቅም። አሁን ሱዳን ውስጥ የኡም ራኩባ መጠለያ ስደተኛ ነው። ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ እስካለው ክሊኒክ ድረስ ያስጠራችው ኃላፊዋ ዶክተር አማል ናት።

እዚህ ጦርነቱ ትምህርታቸውን ያቋረጠባቸው የሕክምና ተማሪዎች የሰው ገላ ከመንካታቸው በፊት በአሻንጉሊቷ ላይ ይለማመዳሉ። ድምፁን የቀዳችው አስተማሪያቸው ለተሃይማኖት ነበረች፤ እሷም አስም ስላለባት ጩኸቱን ታውቀዋለች። በፈተና ቀን ተማሪዎቹ ውጭ ዳሱ ሥር ይጠብቃሉ። ምንም ቢሰሙ፣ ደወል ሳትደውል የገባ ወደቀ። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት።

«አስሟ ነው የገደላት» አለች ዶክተር አማል። «በአፏ የምትስበው መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ቦርሳውን ይዛ የወጣችው ደግሞ ባለፈው ሳምንት በፈተና የጣለቻት ተማሪ፣ ኣድያም ናት። ነገ ለፖሊስ አስረክባታለሁ።»

ኣድያም ዐይኗ አብጧል። «ኣቦይ፣ ቦርሳውን አውጪልኝ ያለችኝ እሷው ናት። ድምፁን ስሰማ ልቤ ፈራ፤ ተነሳሁ። አብሮን የነበረው የዕቃ ክፍሉ ብሩኽ ግን ‹አሻንጉሊቷ ናት፤ ተቀመጪ፣ ትወድቂያለሽ› አለኝ።»

ሁለተኛው ተማሪ ኢሀብ ገዳሪፍ የተወለደ ነው። «ወላሂ ያ ዓም፣ አጎቴ፣ አሻንጉሊቷ መስላን ነው። ስትዘገይብን ብሩኽ ከፈተ፤ ወድቃ አየናት። ሩጡ፣ ዶክተሯን ጥሩ ብሎ ሁለታችንንም ላከን።»

«ፋኑ ይዞር ነበር?»

«ልብ አላልኩም። ሙቀቱ ግን ፊቴን መታኝ።»

የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ብሩኽ ዐይኑን አልሰበረም። «ጠዋት ሁሉንም አብርቼላት ነው የወጣሁት፤ ሁሉም ደህና ነበር።»

ገብረሊባኖስ ከአልጋው ሥር ገብቶ የፋኑ ሽቦ የተገናኘበትን ባትሪ አነሳ፤ ሥሩን በጣቱ ጠረገ። ጣቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራቸው።

«ፋን እየዞረለት በካርቶን የሚያራግብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ።

በሟቿ እጅ ያለውን የካርቶን ቁራጭ አመለከታቸው።

«ፋኑም አሻንጉሊቷም የሚሠሩት በአንድ ባትሪ ነው። እሷ ስትሞት ባትሪው አልነበረም። እሱን ፍለጋ ከአልጋው ሥር ስትንበረከክ አቧራው አስሟን ቀሰቀሰው። የባትሪው ሥር ደግሞ እርጥብ የዋልካ ጭቃ ይዟል፤ ይህ ወለል ደረቅ ሲሚንቶ ነው። ከሞተች በኋላ ከውጭ ገብቷል ማለት ነው። ሁለቱ ሲሮጡ እዚህ ብቻውን የቀረው ማን ነው?»

ሁሉም ብሩኽን አዩት። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ ባትሪውን ባይመልሰው ኖሮ ማን ይጠረጥረው ነበር?

«ባትሪ ሰረቀ እንበል» አለች ዶክተር አማል። «ይህ መግደል ነው?»

«ባትሪ ከሌለ አሻንጉሊቷ አትናገርም፣ ዶክተር። ባትሪው እንደሌለ ሁለቱ ልጆች አላወቁም። እሱ ግን ያውቅ ነበር። የምትጮኸው ሰው መሆኗን እያወቀ፣ ልትረዳት የተነሳችውን መልሶ አስቀመጣት።»

ብሩኽ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ለወንድሜ ኳስ ማሳያ ቤት አውሼው ነበር። ጠዋት አምጥቶ ከግድግዳው ኋላ አስቀመጠልኝ፤ እሷ ግን ቀድማኝ ገባች። በሩን ከከፈትኩ ባትሪው የት ሄደ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ዝም ስትል... ተሻላት ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

ዶክተር አማል ለፖሊስ የጻፈችውን ደብዳቤ ቀደደችው። «ነፃ ነሽ፣ ኣድያም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ኣድያም የሰማቻት አትመስልም። ወደ ኢሀብ ዞረች።

«እኔ ከተቀመጥኩ በኋላ ስንት ጊዜ ጠራችን?»

ኢሀብ ሊዋሻት ፈለገ፤ አልቻለም።

«ሁለት ጊዜ» አላት።