ከመስታወቱ በላይ የታየው ፊት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ምላጩም በእጄ ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ። የምሠራበት ፀጉር ቤት ውስጥ...

ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ሌላ ጣቢያ አሳይቶ አያውቅም። ጣቢያ የቀየረ ሰው ይጠረጠራል። በዜናው ከእኛ ወገን የሚሞት የለም። በሰፈራችን ግን ጥቁር የለበሱ እናቶች በዝተዋል።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የእህቴ ባል ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ጨፍኗል።

"ዓይናፋሩ፣ ጉሮሮዬን አደራ! እህትህ በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ባል አታገኝም።"

ተራ የሚጠብቁት ታክሲ ነጂውና ጫማ ሰፊው ሳቁ።

ያኔ ዜና አንባቢዋ "ሰርጎ ገቡ ይህ ነው፤ በመካከላችሁ ነው" አለች።

ፎቶ ወጣ...

የእህቴ ባል!

ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ አልቀረም።

ባለፈው ሳምንት እንዲህ በቴሌቪዥን የታየ ሰው ፖሊስ እስኪደርስ አልቆየም። የሰፈሩ ሰው ነው መንገድ ላይ የጨረሰው።

ምን ላድርግ? ብሩሹን አነሣሁና አረፋውን ደግሜ ቀባሁት። ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ቅንድቡን ሳይቀር...

"ምነው፣ ኬክ አደረግከኝ እንዴ?"

"ዝም በል ጋሼ... እባክህ" ብዬ በጆሮው አንሾካሾክሁ።

ከኋላዬ ሳቁ ቆሟል።

"ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ" አለ ታክሲ ነጂው።

ጋሼን በሰውነቴ ከለልኩት።

"የሚስቴ ወንድም ነው።"

"ምን ትላለህ? አፍንጫውን እየው እንጂ! ጎረቤቴ ነው" አለ ጫማ ሰፊው።

ቀና ብዬ አየሁ። አሁንም የማየው የእህቴን ባል ነው...

ሁለቱ አልተከራከሩም። እርስ በርስ እንኳ አልተያዩም። ተነሥተው ወጡ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ የየራሱን ሰው ፍለጋ ሮጠ።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

አልጠፋም።

ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩ። ፎቶው ግን እዚያው ነው...

"ጋሼ፣ ተነሥ! በጓሮ በኩል ውጣ!"

ዓይኑን ገለጠ። ከአረፋው መሀል ሁለት ዓይን ብቻ ይታያል። ቴሌቪዥኑን አየ። እኔን አየ። እንደገና ቴሌቪዥኑን...

"አንተ ነህ እንዴ?" አለኝ።

"እኔ ምን?"

"በአንድ ማዕድ እየበላን... እህትህ ይህን ታውቃለች?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

ፎጣውን ጥሎ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ፈራኝ። እኔን! ሮጦ ወጣና በሩን ከውጭ ቀረቀረብኝ። በመስኮቱ በኩል በጣቱ እየጠቆመኝ ሰው ይጠራ ጀመር። አረፋው ከአገጩ ይንጠባጠባል።

ሰው ግር ብሎ መጣ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ፎቶው ላይ ኮሌታ አለ፣ ፀጉር አለ...

ፊት የለም። ለካ መጀመሪያም አልነበረም።

የመጡት ሰዎች ጋሼ ወደሚያሳያቸው ወደ እኔ አላዩም። በመስኮቱ አሻግረው ቴሌቪዥኑን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዳቸው፣ አጠገባቸው ወደቆመው ሰው ዞሩ...

ከጋሼ ጎን አንዲት ሴት ነበረች። እጇን ዘረጋችና አረፋውን ከፊቱ ላይ ቀስ አድርጋ መጥረግ ጀመረች።