ከክዳኑ በታች

ወሬ ማብዛት አልወድም። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ባለፈው ግንቦት 12፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ፀሐይ አናት ትበሳለች...

ከደብረ ታቦር ተነስቼ፣ በደራ በኩል ወዳለው የጣና ዳር ወረድኩ። አሮጌዋ የጭነት መርከብ ከውኃ ወጥታ፣ እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ከውኃ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። እህልና ሲሚንቶ ስታመላልስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼባታለሁ።

አብራኝ የመጣችው ትዝታ ናት፤ የሟቹ የሥራ ባልደረባዬ የይሻው ልጅ። በቅርቡ ከዐረብ አገር ተመለሰች። አባቷ እንዴት እንደሞተ እንድነግራት ለመነችኝ።

ለእናቷ እኛ የመርከቧ ሠራተኞች "ከመርከብ ወድቆ ሐይቁ ወሰደው" ብለናት ነበር።

ውሸት ነው።

ያን ቀን እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ነበር።

ዘበኛው ሙላቴ ወደ መርከቧ እያመለከተ ሳቀ። "ጋሼ አዳነ! አሮጊቷን ሊጠይቁ መጡ? እርስዎን ስትጠብቅ እኮ ነው ያልሞተችው!"

ትዝታን ቀድሜ መሰላሉን ወጣሁ። የጭነት ክፍሉ ክዳን ክፍት ነበር። ወረድኩ።

ሦስት ዓመት ደረቅ መሬት ላይ የቆየ ብረት... እርጥብ እህል እርጥብ እህል ይሸታል።

ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። የባዶ እግር ነው። ጫማዋን አውልቃ ይሆናል አልኩ።

ዞሬ ላያት አልደፈርኩም። ፊቴን ወደ ጨለማው አድርጌ ተናገርኩ።

"ክዳን የሚዘጋ ሰው አስቀድሞ ይወርዳል። ማዕዘኑን ሁሉ በእጁ ዳስሶ ሲወጣ 'ሰው የለም!' ይላል። ደንባችን ነው። ያን ቀን ዝናብ መጣብኝ... ሳልወርድ 'ሰው የለም!' ብዬ ዘጋሁት። አባትሽ ከማሽላው ጆንያ ኋላ ተኝቶ ነበር።"



"ክዳኑን ሲደበድብ ሰማህ?"

ሹክሹክታ ነው። ጋሼ ማለቱም፣ አንቱታውም ቀርቷል። ብትናደድ ነው አልኩ።

"ሰማሁ።"

"የት ሆነህ?"

"ክዳኑ ላይ ተቀምጬ።"

"ለምን አልከፈትክም?"

"ብከፍት ሳልወርድ መዋሸቴ ሊታወቅ ነው። ስንደርስ አወጣዋለሁ አልኩ። አየር እንደሚያልቅበት... አላሰብኩም።"

እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ይበርዳል። ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። አለቀስኩ።

ዓይኔን ጠርጌ ስዞር ማንም የለም።

ወጣሁ። ትዝታ ታች፣ ሙላቴ ጎን ጥላ ውስጥ ተቀምጣለች። ጫማዋ እግሯ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ መሰላሉ እኩሌታ ላይ ራሴን አዞረኝና ተመለስኩ። የአባቴን ነገር እዚሁ ይንገሩኝ።"

አፌን ከፈትኩ...

"ሐይቁ ነው የወሰደው፣ ልጄ።"

አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል ዓይኗ ትከሻዬ ላይ ቀረ።

"ጋሼ... ኮትዎ ላይ ምን በቀለ?"

የማሽላ ቡቃያ። አምስት ነው፣ እንደ ጣት የተዘረጋ።

አንዱን ይዛ ሳበችው። ጮህኩ።

ሥሩ ጨርቁን አልፎ ሥጋዬን ይዟል።