ለማሽን የሰጠሁት ጆሮ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። የሚያምነኝ ባይኖርም ልናገረው...

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሳህን ፋብሪካው የፍተሻ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ አሠልጣኟ እና ጋሽ ጆሮ።

ጋሽ ጆሮ ቅጽል ስማቸው ነው። ሳህኑን በጥፍራቸው መታ አድርገው፣ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ በድምፁ ብቻ ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሠርተውበታል። እኔን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

አሠልጣኟ የመጣችው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ማሽን ልታለማምደን ነው። ማሽኑ ሳህኑን በትንሽ መዶሻ ይመታል፤ ያዳምጣል፤ ስክሪኑ ላይ «ደኅና» ወይም «ስንጥቅ» ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ግን ከሰው መማር አለበት።

«አባባ፣ እርስዎ እየመቱ ይንገሩት» አለቻቸው።

«እኔ አላስተምረውም።»

«ለምን?»

«ሰው ሳስተምር ቀስ እያልኩ ነው። ይኼ አንዴ ከጎረሰ አያስተርፍም።»

«አይዞዎት፣ ጆሮዎን አይወስድብዎትም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም?» ብለው ሳቁ።

እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እሳቸው ሲወጡ ጠጋ ብላ ሹክ አለችኝ።

«ሥልጠናው ካልተጠናቀቀ ሁለታችሁም ከዚህ ክፍል ትነሣላችሁ። ከጨረስከው ግን የማሽኑ ኃላፊ አንተ ነህ።»

ዓይን አፋር ነኝ፤ እምቢ ማለት አይሆንልኝም... ለነገሩ እምቢ ማለትም አልፈለግኩም።

ጋሼ እኔን ለማስተማር ሲሉ እያንዳንዱን መልስ ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር። ስልኬን በቱታዬ ኪስ ደብቄ ሦስት ቀን ሙሉ ቀዳኋቸው። ምቱንም፣ «ደኅና»ውንም፣ «ስንጥቅ»ንም።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ለማሽኑ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ አንድም ሳህን አልሳተም።

ቅዳሜ ጋሼ እንደ ልማዳቸው አንድ ሳህን አንሥተው መቱ። ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ደግመው መቱ...

«ይኼ ሳህን ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?»

«ጋሼ... ይጮኻል እኮ።»

አፌን አፌን ያዩ ነበር። የተናገርኩትን አልሰሙም።

ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» አለ። ሥራቸውን ትተው ቤት ዋሉ።

ማሽኑ ግን...

መዶሻው ሳህኑን ሳይነካ መልስ መስጠት ጀመረ።

አንድ ቀን ማጓጓዣው ባዶ ሆኖ «ስንጥቅ» ብሎ ጻፈ። ዞር ስል፣ መስኮቱ ላይ ካስቀመጥኩት የሻይ ብርጭቆዬ በቀር ምንም የለም። አነሣሁት። ከሥሩ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

ማንም አልመታውም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው አስገቡኝና ወደ ጓዳ ተመለሱ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት... ኃላፊ መሆን ፈልጌ ነው።»

አልዞሩም።

እውነቱን ልናገር፤ የነገርኳቸው እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የማሽኑ ገመድ ከሶኬቱ እንደተነቀለ ነው። ስክሪኑ ግን በርቷል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት... ኃላፊ መሆን ፈልጌ ነው» ይላል።

አሠልጣኟ ከመድረሷ በፊት በጨርቅ ሸፈንኩት። ረቡዕ ዕለት የኃላፊነት ደብዳቤዬ መጣ፤ ፈርሜ ተቀበልኩ።