የሌላ ሰው ጠርሙስ

ኦሳካ ውስጥ ጠርሙስ ከሰው የበለጠ ያስታውሳል። ማማ የሚሏት ኪኩ በከፈተችው መጠጥ ቤት ደንበኛው ውስኪውን ስሙ በተጻፈበት ጠርሙስ ያስቀምጣል። ጠርሙሱ የሰውየውን ወሬ ሁሉ ያጠራቅምና ለአስተናጋጇ በጉትቻዋ በኩል ሹክ ይላታል፤ "ጥርሳቸውን ነቅለዋል፣ አይዞዎት በያቸው።" ከኮምቦልቻ የመጣችው ስንዱ ሥራዋ ይኸው ነው፤ መቅዳት፣ መሳቅ፣ አይዞዎት ማለት።

ዛሬ ግን እግሯ ከጠረጴዛው ሥር መወዛወዙን አላቆም ብሏል። ባለፈው አንዱ ደንበኛ "ታዛጋለች" ብሎ ከሷታል። ማማም ጥግ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለችውን ሮቦት በአገጯ እያሳየች፣ "አንድ ቅሬታ ልስማና ወንበርሽ የእሷ ነው" ብላታለች። ሮቦቷ አታዛጋም፣ ምን ቸገራት።

ሽማግሌው ሞሪታ መጥተው ተቀመጡ። ስንዱ ቀዳችላቸውና ጉትቻዋ ያላትን ደገመች።

"አቶ ሞሪታ፣ ሆስፒታል የተኛችው ልጅዎ ጉልበቷ ተሻላት?"

ሰውየው ብርጭቆውን እንደያዙ ደረቁ። ስንዱ ጠርሙሱን ያየችው ያኔ ነው። የተጻፈበት ስም የአቶ ኦኖ ነው። ከመደርደሪያው መጠጥ የሚያወርደው የብረት ክንድ አቀያይሮታል። ሞሪታ ደግሞ ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ቀይ ዓሣ ነው።

አለቀልኝ፣ አለች በሆዷ።

"ይቅርታ፣ ጠርሙሱ..."

"ተሻላት" አሉ ሞሪታ። "ትናንት ደረጃ ወጣች።"

ልታነሳው ስትል ጠርሙሱን ያዙባት።

"ተዪው። ሌላስ ልጄ ምን ትላለች?"

ጉትቻው ነገራት፣ እሷም ነገረቻቸው። ፒያኖ ትጠላለች፤ አባቷ ካልደወሉ አትደውልም።

"እሷ እንዲህ ናት" እያሉ ሞሪታ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር።

ስንዱ በፍርሃት ወደ ጎን ጠረጴዛ ሰረቅ አድርጋ አየች። አቶ ኦኖን አስተናጋጃቸው የሞሪታን ጠርሙስ ይዛ ስለ ዓሣ እየጠየቀቻቸው ነው።

"ዓሣዬ?" አሉ ኦኖ። "ደህና ነው። ዓሣ ሆስፒታል አይተኛም፣ ምን ይሆናል።" የተሰበሰበ ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

ማማ እየተጣደፈች መጣች።

"ጠርሙሶቹ ተቀያይረዋል፣ ላስተካክል?"

"ማን አስተካክዪ አለሽ!" አሏት ሁለቱም ባንድ አፍ።

ቅሬታ የለም ማለት ነው። የስንዱ እግር ገና መቆሙ ነበር፣ ሞሪታ ዞር ብለው፣

"አንቺስ፣ የማን ልጅ ነሽ?" አሏት።

ጉትቻው ቀደማት፤ "'ይገምቱ እስቲ' በያቸውና ሳቂ።"

አውልቃ የበረዶው ዕቃ ውስጥ ጣለችው። አፏን ከፈተች፤ ግን መልስ ከጉትቻው ካልመጣ ከየት እንደሚመጣ ረስታዋለች።

ሞሪታ ጠርሙሱን አነሱ። ከዚያ በራሳቸው እጅ ቀዱላት።

"አይዞሽ" አሏት፣ ማንም ሹክ ሳይላቸው።